ሊመለሱ የሚችሉ ክብሮች፦ የቆንስል ሮጀር ኬዝመንት ኒሻኖች ጉዳይ

ኒሻን የሚሰበስብ ሰው ባለቤቱ ራሱ የጻፈውን ዝርዝር የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። ኒሻኑ እጁ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ወራሽ ከሸጠው፣ ነጋዴ ከከፋፈለውና ሪባኑ ከተቀየረ በኋላ ነው። ኋላ ለአየርላንድ ነጻነት የተነሣው የብሪታኒያው ቆንስል የሮጀር ኬዝመንት ጉዳይ ግን የተለየ ነው፤ የክብሮቹን ዝርዝር ራሱ ጽፎ ትቶልናል። ያውም የጻፈው ሊጥላቸው ሲነሳ ነው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1915 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያኔ ከብሪታኒያ ጋር ትዋጋ ከነበረችው ከጀርመን ዋና ከተማ ከበርሊን ለብሪታኒያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለሰር ኤድዋርድ ግሬይ ረጅም ደብዳቤ ላከ። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ ጊዮርጊስን ኒሻን፣ የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛን የዘውድ በዓል ሜዳይ፣ እንዲሁም የግርማዊነታቸው መንግሥት ከሰጠው ሌላ ሜዳይና ክብር ሁሉ ከራሱ ላይ ማውለቅ የሚቻለውን ያህል እንደሚመልስ ይገልጻል።

ይህ የመጨረሻው ሐረግ የጉዳዩ ቁልፍ ነው። ከራሱ ላይ ማውለቅ የሚቻለው የትኛውን ነው? የማይቻለውስ? ሰውየው በቆንስላ ሥራ ሃያ ዓመት ያህል የቆየ ስለሆነ ሕጉን ያውቃል። ቃሉን የመረጠው አስቦበት ነው።

ኬዝመንት አምባሳደር አልነበረም። በእሱ ዘመን በብሪታኒያ የዲፕሎማሲና የቆንስላ አገልግሎት ሁለት የተለያዩ መሥመሮች ነበሩ፤ እስከ 1943 ድረስም አልተዋሃዱም። ዲፕሎማቱ ብዙውን ጊዜ የባለጸጋ ቤት ልጅ ነው፤ በወርቅ ጥልፍ የደመቀ መለዮ ለብሶ በነገሥታት ፊት ይቆማል። ቆንስሉ ግን ወደብ ላይ ተቀምጦ የመርከበኞችን ጠብ ይዳኛል፣ የጭነት ወረቀት ይፈርማል፣ ስለ ንግድ ሪፖርት ይጽፋል፤ የመለዮው ጥልፍም የብር ነው። ከፍ ያለ ኒሻን በዲፕሎማቶቹ ደረት ላይ በብዛት ይታይ ነበር። ስለዚህ አንድ ቆንስል በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አራት ክብሮች ሲያገኝ ከተለመደው ያለፈ ነገር ሠርቷል ማለት ነው።

የተወለደው በ1864 በደብሊን አጠገብ፣ ሳንዲኮቭ በሚባል ሥፍራ ነው። ገና በሃያ ዓመቱ ኮንጎ ገባ። ለብሪታኒያ መንግሥት መሥራት የጀመረው በ1892 በናይጀር ወንዝ ጠረፍ ሲሆን፣ በ1895 ዛሬ ማፑቶ በምትባለው በሎሬንሶ ማርኬስ፣ በ1898 ደግሞ በሉዋንዳ ቆንስል ሆነ። የመጀመሪያው ሜዳይ የመጣውም ከዚሁ አካባቢ ነው። ብሪታኒያ በደቡብ አፍሪካ ከቦሮች (ከደች ዘር ሰፋሪዎች) ጋር ያደረገችው የቦር ጦርነት ሲነሳ ከፖርቱጋል ግዛት ወደ ቦሮቹ አገር ወደ ትራንስቫል የሚሻገረውን መሣሪያ እንዲከታተል ታዘዘ፤ ወደ ደላጎዋ ባሕረ ሰላጤ የሚወስደውን የባቡር ሐዲድ ለመቁረጥ በተነደፈ ዕቅድም ተሳትፏል። ዕቅዱ ባይፈጸምም የንግሥት ቪክቶሪያን የደቡብ አፍሪካ ሜዳይ አስገኘለት። ሜዳዩ ከብር የተሠራ ነው፤ በአንድ ፊቱ የንግሥቲቱ ምስል፣ በሌላው ሰንደቅ ይዛ ለወታደሮች የአበባ ጉንጉን የምትዘረጋ ብሪታኒያ ተቀርጻበታለች። ሪባኑ ቀይ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ነው። ለሰብሳቢ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ጠርዙ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሜዳይ ጠርዝ ላይ እንደ ደንቡ የተሸላሚው ስም ይቀረጽበታል። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ክብር የመጣው ከኮንጎ ነው። ቦታው ያኔ የቤልጅጉ ንጉሥ የሊዮፖልድ ሁለተኛ የግል ርስት የሆነው የኮንጎ ነጻ መንግሥት ነበር። ኬዝመንት በ1903 የወንዙን ሽቅብ ተጉዞ በጎማ ለቀማ ስም የሚደረገውን ግፍ በዓይኑ አየ። የተገረፉትንና እጃቸው የተቆረጠውን ሰዎች ቃል ተቀብሎ ጻፈ። ሪፖርቱ ፌብሩዋሪ 1904 ታተመ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ግን የሰዎችንና የቦታዎችን ስም አውጥቶ በፊደል ተካው። ምስክሩ ስም አልባ ሲሆን ሊዮፖልድ ውሸት ነው ለማለት ይመቸው ነበርና ኬዝመንት ክፉኛ ተቆጣ፤ ሥራውን እስከ መልቀቅ አሰበ። ንጉሡ ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ1905 የሪፖርቱን ዋና ዋና ነጥቦች አረጋገጠ። ቆንስሉ የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ ጊዮርጊስ ኒሻን የሦስተኛ ማዕረግ ባለቤት የሆነው በዚያው ዓመት ነው።

ይህ ኒሻን በ1818 የተመሠረተው ለአዮንያ ደሴቶችና ለማልታ ሰዎች ነበር። በኋላ በቅኝ ግዛትና በውጭ ጉዳይ ሥራ ላይ ላሉት ሁሉ የሚሰጥ ሆነ፤ ዛሬም የብሪታኒያ ዲፕሎማቶች ዋና ኒሻን ይኸው ነው። ሦስት ማዕረጎች አሉት፤ ሰር የሚያስብሉት ላይኞቹ ሁለቱ ናቸው። ምልክቱ ሰባት ክንድና አሥራ አራት ጫፍ ያለው በነጭ ኢናሜል የተለበጠ መስቀል ነው። በአንድ ፊት ቅዱስ ሚካኤል ሰይጣንን ሲረግጥ፣ በሌላው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ይታያል። በየወሩ 12ን እና 23ን ለሚያከብር ኢትዮጵያዊ ሁለቱም የቤት ሰዎች ናቸው፤ አንድ የባሕር ማዶ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የሚሰጠው ዋና ኒሻን በነሱ ስም መሆኑን ስንሰማ ብዙዎቻችን እንገረማለን። ከምስሉ የተነሣም ጠብ ተፈጥሯል። በቆየው አሣሣል ሰይጣኑ ቆዳው ጥቁር፣ መልአኩ ነጭ በመሆኑ በ2020 በብሪታኒያ ተቃውሞ ተነሣበት፤ የጃማይካው ጠቅላይ ገዢ ሰር ፓትሪክ አለንም ምልክቱን ማድረግ አቆሙ። የእኛም የድሮ ሠዓሊዎች ሰይጣንን ጥቁር አድርገው መሣላቸውን የሚያውቅ ሰው በዚህ ክርክር ቸኩሎ ላይፈርድ ይችላል። ወደ ቆንስሉ እንመለስ።

ኬዝመንት ኒሻኑን ለመቀበል ወደ ቤተ መንግሥት አልሄደም፤ ታምሜያለሁ አለ። ምልክቱ በጥቅል ተላከለት። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት ጥቅሉ ሳይከፈት ቀረ። ያን ጊዜ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ላይ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜውን በአየርላንድ ሰሜን የአየርላንድን ቋንቋ ለማስነሣት ከሚደክሙ ሰዎች ጋር ያሳልፍ ነበር። በዚያ ማኅበር መካከል የእንግሊዝ ንጉሥ ኒሻን ያሳፍር ነበር እንጂ አያኮራም።

ያልተከፈተው ጥቅል ግሩም ታሪክ ነው። ስለዚህም እጠረጥረዋለሁ። ጥቅሉ አለመከፈቱን አልክድም፤ የምጠራጠረው ከዚያ የሚወጣውን ትርጉም ነው። ኬዝመንትን የሚወዱት ሁሉ ይህን ጥቅል ይዘው ገና በ1905 ልቡ ከእንግሊዝ ተለይቶ ነበር ይላሉ። ኒሻኑን እምቢ አላለም። ስሙ በለንደን ጋዜት ወጣ፤ ይህ ጋዜጣ ሹመት፣ ሽረትና ሽልማት የሚታወጅበት የነሱ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። በመንግሥት መዝገብም ከስሙ ቀጥሎ የኒሻኑ ምህጻረ ቃል ይጻፍ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ወደ ሥራው ተመልሶ በሳንቶስ፣ ከዚያም በፓራ ቆንስል፣ በመጨረሻም በሪዮ ዴ ጃኔሮ ቆንስል ጄኔራል ሆነ። ጥቅሉን አለመክፈት ቀላል ነው፤ የሚያየው የለም። ደመወዝና ማዕረግ የሚያሳጣው እምቢታ ነው፤ ያን በ1905 አላደረገም። በዚህ አልወቅሰውም፤ በዚያው ማዕረግ ምክንያት የሠራው ቀጣይ ሥራ ከመጀመሪያውም የሚበልጥ ነበርና።

ያ ሥራ የፑቱማዮ ነው። በአማዞን ጫካ፣ ፔሩና ኮሎምቢያ በሚጣሉበት ምድር፣ የሁሊዮ ሴሳር አራና የጎማ ኩባንያ የአገሬውን ሕዝብ እየገረፈ፣ እያስራበና እየገደለ ያሠራ ነበር። ኩባንያው በ1907 በለንደን ተመዝግቦ አክሲዮን ይሸጣል፤ አለቆቹ ካመጧቸው ተቆጣጣሪዎች መካከልም የብሪታኒያ ዜጋ የሆኑ የባርባዶስ ጥቁሮች ነበሩ። ለንደን ቆንስሉን ለመላክ ሕጋዊ ምክንያት ያገኘችው በእነዚህ ሰዎች ነው። ኬዝመንት በ1910 ሄዶ ባርባዶሳውያኑን አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ያዩትን ብቻ ሳይሆን በገዛ እጃቸው የፈጸሙትንም አናገራቸው። ሪፖርቱን በ1911 መጀመሪያ አስገባ፤ ለሕዝብ የታተመው በ1912 ነው።

በጁን 1911፣ በንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ሰሞን፣ ግሬይ የፈረሰኝነት (ሰር የሚያስብል የናይትነት) ክብር እንደተሰጠው ጻፈለት። ጁን 19 ቀን የመለሰው መልስ ትሕትና የሞላበት ነው፤ በተሰጠው ክብር እጅግ መነካቱን፣ ለንጉሡም ጥልቅ ምስጋናው እንዲደርስለት ይጠይቃል። በጁላይ ቤተ መንግሥት ሄዶ በንጉሡ ፊት ተንበረከከና ሰር ሮጀር ሆኖ ተነሣ። ለአየርላንድ ወዳጆቹ ደግሞ የሚሸማቀቅበት ጉዳይ እንደሆነ ጻፈ። ሁለቱም ደብዳቤዎች እውነተኛ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ሰው ለአለቃውና ለወዳጁ በአንድ ቃል አይጽፍም። ከሁለቱ ያነቀው ግን ለአለቃው የጻፈው ሆነ።

እዚህ ላይ ሰብሳቢ ቆም ብሎ ማየት ያለበት ነገር አለ። ኬዝመንት ያገኘው ፈረሰኝነት የማንኛውም ኒሻን ማኅበር አባልነት አይደለም፤ ጥንታዊውና ተራው ፈረሰኝነት ነው። ለእንዲህ ዓይነት ፈረሰኛ በደረት የሚንጠለጠል ምልክት የተፈቀደው በ1926 ነው። ስለዚህ በ1911 ከቤተ መንግሥት ሲወጣ በእጁ የያዘው ነገር አልነበረም። ንጉሡ ትከሻውን በሰይፍ ነክተውታል፤ ሰይፉ የንጉሡ ነው፤ ትከሻው የራሱ ነው። ከክብሮቹ ሁሉ ትልቁ፣ በየሄደበት በር የከፈተለት፣ ሊዳሰስ የሚችል ቅንጣት የለውም። አልፎ አልፎ የኬዝመንት የፈረሰኝነት ኒሻን ተብሎ የሚቀርብ ዕቃ ቢያጋጥም ምንም ምርመራ ሳያስፈልግ ሐሰት ነው።

በእጅ የሚያዘው የዚያ ዓመት ስጦታ የዘውድ በዓሉ ሜዳይ ነው፤ የብር፣ የንጉሡና የንግሥቲቱ ምስል ጎን ለጎን ያለበት፣ በጀርባው የንጉሡ የስም ፊደልና ጁን 22 ቀን 1911 የሚል ቀን የተቀረጸበት። ሪባኑ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ መሐሉ ላይ ሁለት ቀጫጭን ቀይ መሥመሮች አሉት። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተሸልመውታል፤ በራሱ ብዙም ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ጠርዙ ጉዳይ እንምጣ። ለሰብሳቢ ዋናው ጥያቄ ዕቃው ውብ ነወይ የሚለው አይደለም፤ የማን ነበር የሚለው ነው። የ1911ዱ ሜዳይ ለፖሊሶች ከተሰጠው በስተቀር ስም ሳይጻፍበት ነው የታደለው። የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ ጊዮርጊስ መስቀልም የባለቤቱን ስም አይዝም። የሚቀረው የደቡብ አፍሪካው ሜዳይ ብቻ ነው። ኬዝመንት በደብዳቤው በስሙ ያልጠቀሰው፣ ሌላ ሜዳይ ሁሉ ብሎ በጅምላ ያለፈው፣ ከክብሮቹም ሁሉ ትንሹ ይህ ሜዳይ፣ በባሕርዩ የማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ትልልቆቹ ዲዳ ናቸው።

ለዲዳ ዕቃ አፍ የሚሆነው ወረቀት ነው። መስቀሉ የተሠራበት ዘመን ጥቂት ይረዳል፤ የዚህ ማዕረግ ባለቤቶች እስከ 1917 ድረስ ምልክቱን በደረታቸው ያንጠለጥሉት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባንገት ሆነ። በ1905 የተሰጠ መስቀል የአንገት ሪባን ይዞ ከቀረበ ወይ በኋላ ተነካክቷል ወይ የሌላ ሰው ነው። ይህ ግን ዘመኑን እንጂ ሰውየውን አይነግርም። ሰውየውን የሚነግረው መስቀሉ የተላከበት ደብዳቤ፣ የጋዜጣው ማስታወቂያ፣ በውርስ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበት ማስረጃ ነው። እነዚህ ከሌሉ የኬዝመንት መስቀልና በዚያው ዓመት የተሸለመ የማንኛውም የጉምሩክ ሹም መስቀል አንድ ናቸው። በዚህ ምክንያት የዲፕሎማት ኒሻን የሚሰበስብ ሰው ገንዘቡን ከብረቱ ይልቅ በወረቀቱ ላይ ቢያውል ይሻለዋል ባይ ነኝ። ብዙ ሰብሳቢዎች በዚህ አይስማሙም፤ የሚያብረቀርቀውን ገዝተው ወረቀቱን ለሻጩ ይተዉለታል። በዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገው ወረቀት በብዛት አለ፤ የቆንስላው ሪፖርቶችና የመሥሪያ ቤቱ ፋይሎች በለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ የግል ደብዳቤዎቹ ብዛት ደግሞ በደብሊን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት።

በ1913 ጡረታ ወጣ፤ ጡረታው በዓመት ከ400 ፓውንድ በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋልና አሳጥረዋለሁ። በኖቬምበር 1913 ያኔ በብሪታኒያ ሥር ለነበረችው አየርላንድ የራስ አስተዳደር ከቆመው የታጠቀ ማኅበር፣ ከአየርላንድ በጎ ፈቃደኞች መሥራቾች አንዱ ሆነ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ አሜሪካ ነበር፤ ለአየርላንድ ነጻነት እርዳታ ፍለጋ በኦክቶበር 1914 በኖርዌይ በኩል ጀርመን ገባ። የጀርመን መንግሥት በኖቬምበር ወር ስለ አየርላንድ ያወጣው መግለጫ ታዋቂው የአየርላንድ ብሔርተኛ ሰር ሮጀር ኬዝመንት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንግዳ ሆነው ቀረቡ ይላል። ሰር የሚለውን ልብ ይሏል። የበርሊን ባለሥልጣናት ለተራ ጡረተኛ ቆንስል በር አይከፍቱም ነበር፤ የእንግሊዝ ንጉሥ የሰጡት ማዕረግ የእንግሊዝን ጠላት ቤት ማንኳኪያ ሆነ።

የ1915ቱን ደብዳቤ ያጻፈው ቁጣ ነው። በኖርዌይ የብሪታኒያ ሚኒስትር (የመንግሥቱ ዲፕሎማሲያዊ መልእክተኛ) የነበረው ማንስፌልት ፊንድሌይ፣ የኬዝመንት አገልጋይ ለነበረው ለኖርዌያዊው አድለር ክርስቴንሰን፣ ኬዝመንትን ካስያዘ 5000 ፓውንድ እንደሚከፈለው በጽሑፍ ቃል ገብቶለት ነበር። አገልጋዩ ወረቀቱን ለጌታው አሳየ። ሚኒስትርና ቆንስል በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር የዋሉ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ራስ ላይ ዋጋ ቆረጠ። ኬዝመንት ለግሬይ ሲጽፍ ደብዳቤውን የሞላው ይህን ውል በማጋለጥ ነው፤ ኒሻኖቹ የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ፊንድሌይ በሥራው ቀጠለ፤ ኋላ እሱም ሰር ተባለ።

ለንደን ደብዳቤው እንደደረሳት ክብሮቹን አልሰረዘችም። ይህ ለሰብሳቢ ትልቅ ትምህርት አለው። ተሸላሚው መልሻለሁ ስላለ ክብር አይፈርስም፤ የሰጠው ንጉሥ ነው፣ የሚያነሣውም ንጉሥ ነው። ዕቃውን መላክ ይቻላል፤ ማዕረጉን ግን በፖስታ መመለስ አይቻልም። ኬዝመንት ማውለቅ የሚቻለኝን ሲል ይህን ያውቅ ነበር። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ንጉሥ ጆርጅ የጀርመኑን ካይዘር፣ የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥትና ሌሎች የጠላት መሳፍንትን ከጋርተር ኒሻን (በ1954 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ከተሰጠው ኒሻን) ዝርዝር አስወጥተው ሰንደቃቸውን ከኒሻኑ ጸሎት ቤት አስወረዱ። ስለዚህ መንግሥቱ መሰረዝ አልሰነፈም። ኬዝመንትን ግን ሳይነካው ቆየ።

ኤፕሪል 21 ቀን 1916 ከጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ወርዶ በኬሪ አውራጃ ባና በሚባል የባሕር ዳርቻ ብቅ አለ፤ በሰዓታት ውስጥ ተያዘ። ከጁን 26 እስከ 29 በለንደን በአገር ክህደት ተከሰሰ። ዐቃቤ ሕጉ ፍሬድሪክ ስሚዝ ክሱን ሲከፍት የጀመረው ከኒሻኖቹ ነው። የተከሳሹን የሥራ ታሪክ፣ የደቡብ አፍሪካውን አገልግሎት፣ ፈረሰኝነቱን አንድ በአንድ ጠቅሶ የጁን 19 ቀን 1911ዱን የምስጋና ደብዳቤ አነበበ። ከአምስት ዓመት በፊት የተጻፈ የአክብሮት ደብዳቤ በአሥራ ሁለቱ የጁሪ አባላት ፊት የክህደት መለኪያ ሆነ። በዚያ ችሎት ያልተከፈተው ጥቅል ማንንም አልረዳም።

የክሱ መዝገብ ንጉሡ ከሰር ሮጀር ዴቪድ ኬዝመንት ጋር ይላል። ዳኛው ሎርድ ሬዲንግ የሞት ፍርዱን ሲያነቡም ሰር ብለው ጠሩት። በማግስቱ፣ ጁን 30፣ ፈረሰኝነቱ ተገፈፈ፤ ስሙም ከቅዱስ ሚካኤልና ከቅዱስ ጊዮርጊስ ኒሻን መዝገብ ተፋቀ። ከ1621 ወዲህ ፈረሰኝነቱን የተገፈፈ እንግሊዛዊ ፈረሰኛ አልነበረም፤ ያኔ የተዋረደው ሰር ፍራንሲስ ሚቸል በሙስና ነበር። ማስታወቂያው የወጣው ሽልማቱ በወጣበት በዚያው በለንደን ጋዜት ነው። አንድ ሰብሳቢ የኬዝመንትን ስብስብ ሙሉ ሊያደርግ ከፈለገ የ1905ቱን፣ የ1911ዱንና የ1916ቱን የጋዜጣ እትሞች አብሮ ማስቀመጥ አለበት፤ የፈረሰኝነቱ ብቸኛ ዕቃ እነዚህ ናቸው፣ መወለዱም መሞቱም እዚያ ነው የተጻፈው። የመጨረሻውን እትም ከስብስቡ ማውጣት የሚመርጡ አሉ፤ ለባለቤቱ ክብር ሲሉ ነው። እኔ አላወጣውም። ሽልማት ያለ ሽረቱ ግማሽ ታሪክ ነው፤ ለዚህ ሰው ደግሞ ሽረቱ ራሱ የጠየቀው ነው።

አርተር ኮናን ዶይልና በርናርድ ሾው ምሕረት እንዲደረግለት ሞገቱ። መንግሥቱ በበኩሉ ስለ ወንዶች ፍቅር የጻፈባቸውን የግል ማስታወሻዎች ቅጂ ለአምባሳደሮችና ለጳጳሳት እያሳየ ድጋፉን አከሰመው። በ2002 የተደረገ የጽሕፈት ምርመራ ማስታወሻዎቹ የራሱ ናቸው ሲል ደመደመ፤ የሚከራከሩ ግን ዛሬም አሉ። ኦገስት 3 ቀን 1916 በፔንተንቪል እስር ቤት ተሰቀለ፤ በግቢው ውስጥም በኖራ ተቀበረ።

ከዚህ በኋላ የመጡት ክብሮች ከሌላ መንግሥት ናቸው። ለንደን አጥንቱን በ1965 ለአየርላንድ መለሰች፤ በብሪታኒያ ሥር በቀረችው በሰሜን አየርላንድ እንዳይቀበር የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረበት። እሱ እንዲያርፍበት የተመኘው የመርሎ ባሕረ ሰላጤ ግን በሰሜን ነው፤ ስለዚህ በደብሊን በግላስኔቪን መካነ መቃብር ተቀበረ። ማርች 1 ቀን በተደረገው መንግሥታዊ ቀብር የ82 ዓመቱ ፕሬዚዳንት ኤሞን ዴ ቫሌራ ሐኪም ቢከለክላቸውም በመቃብሩ ላይ ተገኝተው ንግግር አደረጉ። ስሙ ለአንድ የጦር አየር ማረፊያ፣ ለትራሊ ባቡር ጣቢያና ለቤልፋስት ስታዲየም ተሰጥቷል።

ኒሻን ግን አላገኘም፤ ሊያገኝም አይችልም ነበር። የ1937ቱ የአየርላንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መንግሥቱ የመኳንንት ማዕረግ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ዜጋም ያለ መንግሥት ፈቃድ እንዲህ ያለ ማዕረግ ከማንም አይቀበልም። በደረት የሚንጠለጠል የክብር ኒሻንም አገሪቱ አላቋቋመችም። ስለዚህ ከብሪታኒያዎቹ ዕቃዎች ጎን የሚቀመጥ የአየርላንድ ኒሻን የሚፈልግ ሰብሳቢ አይድከም። የሚያገኘው የፖስታ ቴምብር ነው። የሞቱ 50ኛ ዓመት በታሰበበት በ1966 የአየርላንድ ፖስታ ምስሉን አትሞ አወጣ፤ አንዱ የ5 ፔኒ፣ ሌላው የ1 ሺሊንግ ነበር። ዛሬም በርካሽ ይገኛል፤ ሐሰተኛ ሠርቶ የሚሸጠውም የለም።